«ባለ 25 ቶን» ክሬን ስንት ቶን ያነሳል?

ሰላም ወዳጆች። በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ክሬን ቡም፣ ማለትም ስለ ክንዱ ናቸው። ክረምቱ ወጥቶ ሳይቶች ሥራ ሲጀምሩ ጥያቄው መብዛቱ ያለ ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። መልሱን ግን ማሳጠር አልሆነልኝም፤ በተለይ የመጀመሪያውን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አዳማ የሕንፃ ሥራ ፎርማን ነኝ። 6 ቶን የሚመዝን ጀነሬተር አጥር አሻግረን ልናስገባ ባለ 25 ቶን ክሬን ተከራየን። ከሎቤዱ ላይ ያለምንም ችግር አነሳው። ሊያሻግረው ቡሙን ማስረዘም ሲጀምር ግን አላርሙ ጮኸና ቀጥ አለ። የክሬኑ እግር ካረፈበት እስከ ጀነሬተሩ ማረፊያ በሜትር ለክቻለሁ፤ 11 ሜትር ነው። አከራዩ «ማሽኑ ደህና ነው» ብሎ የቀኑን ሒሳብ ሙሉ ተቀበለን። 25 ቶን የተባለ ማሽን 6 ቶን ካቃተው ተታለናል ማለት አይደለም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማሽኑ አላታለለህም። አከራዩ ግን ሊጠይቅህ የሚገባውን አልጠየቀህም። ስልክ ላይ «ዕቃው ስንት ቶን ነው?» ይባላል፣ ዋጋ ይነገራል፣ አለቀ። «ስንት ሜትር ላይ?» የሚል የለም። ይኼ ነገር ሁልጊዜ ያናድደኛል። ክሬን ላይ ቶን ያለ ሜትር ምንም ማለት አይደለም።

25 ቶን የሚለው ቁጥር የሚሠራው በ3 ሜትር ራዲየስ ላይ ነው። ያውም ቡሙ ሙሉ በሙሉ ተሰብስቦ፣ ወደ ጎን የሚወጡት አራቱም እግሮች እስከ መጨረሻው ተዘርግተው። ራዲየሱ የሚለካው ደግሞ ማሽኑ ከሚዞርበት መሃል እስከ ጭነቱ መሃል ነው። አንተ የለካኸው ከእግሩ ነው። የዚህ መደብ ማሽን እግሮቹ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 6 ሜትር ያህል ናቸው። ስለዚህ ከመሃል እስከ አንዱ እግር 3 ሜትር አለ። 11 ላይ 3 ጨምርበት። ጀነሬተርህ የሚያርፈው 14 ሜትር ላይ ነበር። 25 ቶን የተባለለት 3 ሜትር እኮ እግሩ ሥር ነው!

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 25ን በ3 ስታባዛ 75 ቶን ሜትር ይመጣል። 75ን ለ14 ብታካፍል 5.4 ቶን ገደማ ነው። የሎድ ቻርቱን፣ ማለትም በየሜትሩ ስንት ቶን እንደሚነሳ የሚያሳየውን የማሽኑን ሰንጠረዥ፣ ብትከፍት ግን ይኸንንም አታገኝም። የዚህ መደብ የመኪና ክሬኖች 14 ሜትር ላይ የሚኖራቸው 4 ቶን ገደማ ነው። የቀረው የት ገባ? ቡሙ በላው። ቴሌስኮፒክ ቡም አንዱ ብረት በሌላው ውስጥ የተሰገሰገ ነው። ሲወጣ የራሱ ክብደትም አብሮት ወደ ውጭ ይሄዳል። ማሽኑ ጀነሬተርህን ብቻ ሳይሆን የገዛ ክንዱንም ጭምር ነው ተሸክሞ የሚቆመው። በአንድ ዓይነት ራዲየስ ላይ እንኳ ቡሙ በረዘመ ቁጥር አቅሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀንሰው ለዚህ ነው።

ገና ይቀነሳል። ቻርቱ ላይ ያለው ቁጥር ከቡሙ ጫፍ ሥር የተንጠለጠለውን ሁሉ ያጠቃልላል። መንጠቆው ከነፑሌው፣ ሻክሉ (ማያያዣ ብረቱ)፣ ስሊንጉ (ዕቃው የሚታሰርበት ማንጠልጠያ)፣ የማንሻ ብረት ካለ እሱም። በባለ 25 ቶን ማሽን መንጠቆው ብቻ 250 ወይም 300 ኪሎ ይሆናል። ከስሊንግና ከሻክሉ ጋር 400 ኪሎ እንበለው። ያንተ ጭነት እንግዲህ 6 ሳይሆን 6.4 ቶን ነው። 4 ቶን በሚፈቀድበት ቦታ 6.4 ቶን። አላርሙ የጮኸው ሥራውን ስለሠራ ነው። አንዳንድ ሳይት «አላርሙ አስቸገረ» ተብሎ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ያንተ ኦፕሬተር ይህን ስላላደረገ አመስግነው።

ምን ይደረግ ነበር? መጀመሪያ ማሽኑን ማስጠጋት። 9 ሜትር ላይ ያው ማሽን 8 ቶን ገደማ ይኖረዋል። እኔ ከቻርቱ 80 በመቶ በላይ መጫን አልወድም፤ 6.4 ቶን እዚያ ላይ ልክ ይሆናል። ጠርዝ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ካለ ግን እግሩን ቢያንስ በጉድጓዱ ጥልቀት ያህል አርቀው። 3 ሜትር ከተቆፈረ 3 ሜትር። ጥቁር አፈር ከሆነ ከዚያም በላይ፤ በተለይ ዝናብ ከጠጣ።

ማስጠጋት ካልተቻለ ትልቅ ማሽን መከራየት ነው። ያኔም ቢሆን «በቃ ባለ 50 አምጡ» ብለህ አትዝጋው። ባለ 50 ቶን የመኪና ክሬን 20 ሜትር ላይ ሲደርስ የሚቀረው 3 ቶን ገደማ ነው። ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት የሎድ ቻርቱን ፎቶ በስልክ አስልክ። በቻይንኛ ነው ቢሉህም ግድ የለም። ቁጥሩ ያው ቁጥር ነው። ብዙ ጊዜ ወደ ታች የሚወርደው ራዲየሱ ነው፣ ወደ ጎን የሚሄደው የቡሙ ርዝመት። ሁለቱ የሚገናኙበትን ሳጥን ታነባለህ።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ሌላው ልለፍ፤ ነገሩ ሕይወት ስለሆነ ነው። ብዙ ኦፕሬተሮች «እግሩ ሲቀል አውቃለሁ» ይላሉ። ከጀርባ ያለው እግር ከመሬት ሲላቀቅ ይሰማናል ማለታቸው ነው። ቻርቱን ልብ ብላችሁ እዩት። በብዙ ማሽኖች ላይ መሃሉ ላይ ደማቅ መስመር አለ፣ ወይም ቁጥሮቹ በቀለም ተለይተዋል። ከመስመሩ በታች ያሉት ማሽኑ እንዳይገለበጥ የተወሰኑ ናቸው። በአሜሪካኖቹ ደንብ በእግር ለቆመ ክሬን የሚፈቀደው ማሽኑን ከሚገለብጠው ጭነት ቢበዛ 85 በመቶው ነው። ከመስመሩ በላይ ያሉት ግን ብረቱ እንዳይሰበር የተወሰኑ ናቸው። እዚያ ላይ እግሩ አይቀልም። ማሽኑ አይነቃነቅም። ዝም ብሎ ቡሙ ይታጠፋል። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይሰማኛል የሚባል ነገር እዚህ ጋ አይሠራም።

ጭነት አንጠልጥሎ ቡም ማስረዘምም እንደዚሁ ነው። በብዙ አዳዲስ ማሽኖች የቡሙ ክፍሎች በፒን ነው የሚቆለፉት። ፒኑ ሳይገባ መሃል ላይ ከቆመ ክብደቱን ይዞ የቀረው የውስጡ ሲሊንደር ብቻ ነው። ለዚህ የሚፈቀደው ጭነት ከዋናው ቻርት በጣም ያነሰ ነው። ቡሙን መጀመሪያ በሚፈለገው ልክ አውጥታችሁ፣ ቆልፋችሁ፣ ከዚያ አንሱ።

ጥያቄ፦ አቡ ዳቢ የምሠራ ሪገር (ጭነት አሳሪ) ነኝ። እዚህ ትልልቁ ሥራ ላይ የሚመጡት ክሮለሮች (በሰንሰለት የሚሄዱት ክሬኖች) ቡማቸው ላቲስ ነው፤ ቀጫጭን ቱቦ ተሳስሮ የተሠራ፣ በውስጡ ሰማይ የሚታይ። ከድፍኑ ቴሌስኮፒክ የበለጠ የሚያነሳው እንዴት ነው? ክፍት ስለሆነስ ነፋስ አይነካውም?

መልስ፦ ሁለቱ ቡሞች የተያዙበትን ቦታ እይ። ቴሌስኮፒኩ የተያዘው ከታች ነው፤ ሥሩ ላይ ባለው ፒንና ከሆዱ ሥር በሚገፋው ጃክ። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ አየር ላይ ነው። ጭነቱ ጫፉን ወደ ታች ሲስበው ቡሙ ይጎብጣል፤ መጉበጡን የሚቋቋመው በብረቱ ውፍረት ነው። ውፍረት ደግሞ ክብደት ነው።

ላቲሱ ግን ጫፉ ላይ በገመድ ወይም በብረት ዘንግ ከኋላ ተወጥሮ ተይዟል። ጭነቱ ሲንጠለጠል ቡሙ በዋናነት የሚደርስበት በቁመቱ መጨመቅ ነው። አራቱ ዋና ቱቦዎች ጭምቁን ይሸከማሉ። መሃል ያሉት ቀጫጭኖቹ አራቱ እንዳይለያዩና እንዳይታጠፉ ይይዟቸዋል። በዚህ መንገድ በጥቂት ብረት ብዙ ርዝመት ይገኛል። ቡሙ የሚበላው ትንሽ ስለሆነ ለጭነቱ የሚተርፈው ይበዛል። ልዩነቱ የሚታየው ደግሞ ሩቅ ላይ ነው። ቅርብ ላይማ ቴሌስኮፒኩም ጉልበተኛ ነው። ሊብኸር የሚሠራው ባለ ዘጠኝ አክስል ኤልቲኤም 11200 በ2.5 ሜትር ራዲየስ 1200 ቶን ተብሎለታል። የቴሌስኮፒክ ቡሙ 100 ሜትር ይደርሳል። ግን 100 ሜትሩን ዘርግቶ 1200 ቶን የሚባል ነገር የለም።

የላቲስ ዋጋው ሌላ ቦታ ነው። ቡሙ በብዙ ተሳቢ ተጭኖ ይመጣል፣ መሬት ላይ ተዘርግቶ በፒን ይገጣጠማል፣ ለመገጣጠሙ ሌላ ክሬን ያስፈልጋል። ቡሙ ሙሉ ርዝመቱን የሚተኛበት ሜዳም ይፈልጋል። ለአንድ ቀን ሥራ ማንም አይመርጠውም። ለወራት ከሆነ ግን ከእሱ ወዲያ የለም።

ስለ ነፋሱ አይነካውም እንዳትል። ጳጉሜ 6 ቀን 2007 ዓ.ም፣ የአዲስ ዓመታችን ዋዜማ፣ መካ መስጊድ አል ሐራም ላይ የወደቀው ክሬን ባለ ላቲስ ቡም ክሮለር ነበር። 1350 ቶን መደብ። ዓርብ ነበር፤ ምእመናን ለሐጅ በተሰበሰቡበት ሰዓት ዐውሎ ነፋስና ዝናብ መጣ። 111 ሰዎች ሞቱ፣ ወደ 400 የሚጠጉ ቆሰሉ። ያን ቀን ክሬኑ ሥራ ላይ አልነበረም። የሳዑዲ መርማሪዎች ያገኙት ጥፋት ቡሙ ከፍ ብሎ እንደቆመ መተዉን ነው። የአምራቹ መመሪያ ማሽኑ ሥራ ላይ በማይሆንበት ጊዜ ቡሙ እንዲወርድ ያዛል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል። ሰዎቹ ሊጸልዩ ነው የሄዱት፤ መመሪያው ደግሞ ተጽፎ ነበር።

ነፋስ ጭነቱንም ይገፋል። በ1999 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር አሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ በሚሠራ የቤዝቦል ስታዲየም ላይ ግዙፍ ላቲስ ክሬን ከ400 ቶን በላይ የሆነ የጣሪያ ክፍል ይዞ ወደቀ። ሦስት ብረት ሠራተኞች ሞቱ። ነፋሱ በዚያ ሰፊ ጣሪያ ላይ የሚያሳድረው ግፊት ሒሳብ ውስጥ አልገባም ነበር። ስለዚህ አንተ ሪገር እንደመሆንህ ክብደቱን ብቻ ሳይሆን የዕቃውን ስፋትም ተመልከት። ሰፊ ላሜራ፣ ፎርምወርክ፣ የመስታወት ፓኔል ከሆነ ነፋሱ ገና መለስተኛ ሳለ «ይቁም» ለማለት አትፈር።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። አዲስ አበባ ስመጣ አንዳንዱ ታወር ክሬን ክንዱ አግድም ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ወደ ሰማይ ቀና ያለ ነው። አቅማቸው ይለያያል? ሕንፃው ከፍ ባለ ቁጥርስ የሚያነሱት ይቀንሳል?

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምርልሽ። ከፍታው ራሱ ብዙም አይቀንስም። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለው፣ በ2014 ዓ.ም የተመረቀው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ነው። ታወር ክሬን እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ የሚደርሰው ምሰሶው እየተቀጠለ፣ ከሕንፃው ጋር እየታሰረ ነው። ላይ ሲወጣ የሚጨምርበት የራሱ ገመድ ክብደት ነው፤ ይህም ይታሰባል። ዋናው ነገር ግን እዚህም ራዲየሱ ነው።

አግድሙ ክንድ ላይ ትሮሊው፣ ማለትም መንጠቆውን የያዘው ጋሪ፣ ይመላለሳል። ወደ ምሰሶው ሲቀርብ ብዙ፣ ወደ ጫፍ ሲሄድ ትንሽ። በሚቀጥለው ጊዜ ስታልፊ ክሬኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቢ። ብዙ የቻይና ታወር ክሬኖች 5013፣ 6010 የሚል ቁጥር አላቸው። 5013 ማለት ክንዱ 50 ሜትር ነው፣ ጫፉ ላይ 1.3 ቶን ያነሳል። 6010 ማለት 60 ሜትር፣ ጫፉ ላይ 1 ቶን። ባለ 5013 ለምሰሶው ቅርብ ሲሆን 6 ቶን ያነሳል። ጫፍ ላይ ግን ያው 1.3 ነው።

አሁን የኮንክሪት ባኬት አስቢ። ኮንክሪት በሜትር ኪዩብ 2.4 ቶን ነው። ግማሽ ሜትር ኪዩብ 1.2 ቶን። ባዶ ባኬቱ 150 ወይም 200 ኪሎ። ድምሩ 1.3ን አለፈ! ለዚህ ነው ሳይቱ ጥግ ላይ ያለ ኮለን ሲሞላ ባኬቱ ጎደል ብሎ መምጣት ያለበት። ግንበኛው «ምነው አጎደላችሁት?» ብሎ ይቆጣል። ኦፕሬተሩ ነው ልክ። ያ ጥግ ብዙ ሥራ ካለበት ክሬኑ ሲተከል ነው ማሰብ። ክንዱን ወደ 44 ሜትር ማሳጠር ይቻላል። ያኔ ጫፉ ላይ የሚነሳው ይጨምራል። የኋላው ሚዛን ድንጋይም አብሮ ይለወጣል።

ቀና ያለው ላፊንግ ይባላል። ትሮሊ የለውም። ጭነቱን የሚያቀርበውም የሚያርቀውም ክንዱን በማንሳትና በማውረድ ነው። ክንዱ ቀና ሲል ራዲየሱ ስለሚያጥር ጠባብ ቦታ ላይ ጎረቤት ሕንፃ ሳይነካ ይዞራል። ለንደን ከተማ የሚበዛው ለዚህ ነው፤ እዚያ በሰው ይዞታ ላይ ክንድ ለማሳለፍ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። በተመሳሳይ መደብ ላፊንጉ ከባድ ዕቃ ላይ ይበረታል። ዋጋው ውድ ነው፣ ሥራውም ቀስ ያለ ነው። እንደ እኔ መሃል አዲስ አበባ፣ ከትምህርት ቤትና ከአስፋልት በላይ ክንድ በሚዞርበት ቦታ፣ ውድ ቢሆንም ላፊንግ ይሻላል። ብረት ተሸክሞ በሕፃናት አናት ላይ የሚያልፍ ክሬን ማየት አልወድም።

ማታ ላይ ደግሞ አግድሙ ክንድ ሲዞር ታዪ ይሆናል። ማንም የለበትም። ኦፕሬተሩ ሲወርድ የመዞሪያውን ፍሬን ይለቀዋል፤ ነፋሱ እንደፈለገ እንዲያዞረው። ቢቆለፍ ነው አደጋው።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ኦፕሬተር ነኝ። ጂቡን (የቡሙን ጫፍ ማስረዘሚያ) አልተጠቀምኩበትም፤ ከቡሙ ጎን ታጥፎ እንደታሰረ ነው። ሱፐርቫይዘሩ «ከቻርቱ ቀንስ» አለኝ። ለምን?

መልስ፦ ልክ ነው። ታጥፎም ቢሆን ቡሙ ላይ ያለ ጥቂት መቶ ኪሎ ነው። የሚቀነሰው ልክ በቻርቱ ግርጌ ተጽፏል፤ እንደ ማሽኑ ይለያያል። አንዳንዱ አምራች ግን አስቀድሞ ቀንሶ ስለሚሰጥ ማስታወሻውን ሳታነብ አትገምት። ጂቡን ስትዘረጋው ደግሞ ዋናውን ቻርት እርሳው። የራሱ ቻርት አለው፣ ብዙውን ጊዜ በቡሙ ማዕዘንና በጂቡ እጥፋት የሚነበብ። ጂብ ቀጭን ስለሆነ ከመገልበጥ በፊት መሰበር ነው የሚመጣው። መንጠቆውን ከዋናው ቡም ወደ ጂቡ ስታዞር ኮምፒውተሩም ላይ መቀየርህን አትርሳ። ካልቀየርከው የሚያሳይህ ቁጥር የሌላ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ኤፍኤስአር መኪና አለኝ። ብሎኬት፣ ፌሮና የውሃ ታንከር አመላልሳለሁ። ክሬን ላስገጥምበት አስቤ አንዱ ሻጭ ቀጥ ያለ ቡም፣ ሌላው የሚታጠፍ አሳየኝ። የቱ ይሻለኛል? 10 ቶን ሜትር የሚሉኝስ ምንድን ነው?

መልስ፦ ለእርስዎ ሥራ የሚታጠፈውን እመርጣለሁ። ክርኑ ላይ ታጥፎ ከጋቢናው ኋላ ስለሚሰበሰብ የጭነቱን ቦታ አይሻማም። በበረንዳ ሥር፣ በመጋዘን በር፣ በኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር ዝቅ ብሎ ይገባል። የሽቦው ነገር ከተነሳ፣ የትኛውም ቡም ቢሆን ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። የሚታጠፈው ጫፉ ዕቃው ድረስ ስለሚወርድ የተንጠለጠለው ገመድ አጭር ነው፤ ዕቃው አይወዛወዝም። ቀጥ ያለው በገመድ ስለሚያወርድ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ፓምፕ ለማውረድ ይሻላል። ለብሎኬትና ለፌሮ ግን አያስፈልግዎትም። በነገራችን ላይ ሂያብ የሚባለው የዚህ ዓይነት ክሬን የተጀመረው በ1944 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ ነው፤ ጀማሪው የበረዶ መንሸራተቻ ይሠራ የነበረ ሰው ነው።

10 ቶን ሜትር ማለት ክብደት በርቀት ሲባዛ ነው። 2 ሜትር ላይ 5 ቶን፣ 5 ሜትር ላይ 2 ቶን እንደማለት። 10 ሜትር ላይ 1 ቶን ብለው ግን አይጠብቁ፤ ክንዱ ሲዘረጋ የራሱ ክብደት ይበላዋል። ሻጩን «ክንዱ ሙሉ ሲዘረጋ ስንት ኪሎ?» ብለው በጽሑፍ ይቀበሉት።

ከመግዛትዎ በፊት ክሬኑ ራሱ ስንት እንደሚመዝን ይጠይቁ። ያ ክብደት በሙሉ መኪናዎ ሊጭን ከሚፈቀድለት ላይ ይቀነሳል። አብዛኛው ደግሞ ፊት አክስል ላይ ነው የሚያርፈው። ሻንሲውን ማጠናከርና የጎን እግሮቹ ሙሉ በሙሉ የሚወጡ መሆናቸውን ማየት አለብዎት። በአንድ በኩል ብቻ እግር አውጥቶ በሌላው በኩል ማንሳት የለም። ግድግዳ አስቸግሮ አንዱ እግር ግማሽ ድረስ ብቻ ከወጣ በዚያ በኩል የሚነሳው በጣም ይቀንሳል፤ በአንዳንድ ማሽን ጭራሽ አይፈቀድም።